ጅማ ላይ ለግል ደን የሚገዛ ችግኝ፣ መጋዝና የቆራጭ ቡድን፦ ዋጋውን የሚያወጣው የቱ ነው?

ጅማ ዙሪያ ሩብ ሄክታር ባህር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ያለው ሰው ከገበያ የሚፈልገው ነገር ብዙ አይደለም። ችግኝ ይገዛል፣ መግረዣ ይገዛል፣ ዛፉ ሲደርስ ቼንሶ (የሞተር መጋዝ) የያዘ ቆራጭ ይጠራል። በሦስቱም ላይ ደህናውም የማይረባውም ጎን ለጎን ይሸጣል፤ ክፋቱ የማይረባው ቶሎ አለመታወቁ ነው። ሥሩ የታጠፈ ችግኝ በመጀመሪያው ክረምት ከጥሩው እኩል ይለመልማል፤ ንፋስ ሲመታው የሚጋደመው ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። በገጀራ የተገረዘ ግራቪሊያ ቁስሉን ሸፍኖ ያድግና ጉዱ የሚወጣው ጣውላ ሲሰነጠቅ ነው። ቅርፊቱ የተላጠ ጉቶም አንዳንድ ቀንበጥ አያጣም፤ ባለቤቱም ያንን አይቶ ደህና ነው ብሎ ይሄዳል።

ሱቅና የችግኝ ጣቢያ በስም እየጠራን አላወዳደርንም፤ የመዘንነው የሚሸጠውን ነገር በዓይነት በዓይነቱ ነው። ዋጋም አልጻፍንም፤ ከወር ወር ስለሚለዋወጥ ዛሬ ያሰፈርነው በሚቀጥለው ክረምት ያሳስታል። ለስሌት እንዲመች 50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ቦታ ይያዙ፤ ሩብ ሄክታር ማለት ነው። በ2 ሜትር ርቀት ሲተከል 25 ረድፍ፣ በየረድፉ 25 ዛፍ፣ በድምሩ 625 ይሆናል።

ችግኙ

ሰኔ ሲገባ ከከተማው በሚወጡት መንገዶች ዳር፣ በሰርቦም በአጋሮም በሰቃም በኩል፣ ችግኝ ተደርድሮ ይጠብቃል። ሻጩ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ራሱ ዘርቶ ያሳደገው ነው፤ መደቡ እዚያው አለ፣ የጥላው ሣር እዚያው አለ፣ ዘሩን መቼ እንደዘራው ቢጠይቁት ወሩን ይነግርዎታል። ሌላው ከሌላ ቦታ ጭኖ አምጥቶ የሚቸረችር ነው። የሁለተኛው ችግኝ ብዙ ጊዜ ረጅምና ዓይን የሚስብ ነው፤ መጠርጠር ያለበትም ለዚሁ ነው።

ቁመት ምንም አይናገርም። 15 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ፕላስቲክ ውስጥ የበቀለ ባህር ዛፍ ከ20 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ ለመተከል በቂ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር የሆነው ወይ ጊዜው ያለፈበት ነው ወይ ጥላ ውስጥ ተሳስቦ የወጣ ነው። ከላይ ያለው ቅጠል የሚጠጣውን ውሃ ያች እፍኝ የምታህል አፈር አትችለውም፤ ተክለውት ሦስት ቀን ዝናብ ከጠፋ ይደርቃል።

እንዲህ አድርገው ይመርምሩ። ከመደቡ መሀል አንድ፣ ከዳር አንድ ያንሡ። የዳሩ ፀሐይና ቦታ ስለሚያገኝ ሁልጊዜ ወፍራም ነው፤ ለናሙና የሚዘረጋልዎትም እሱ ነው። የሁለቱን ዋጋ ይክፈሉና ፕላስቲኩን በምላጭ ከላይ እስከ ታች ይቅደዱት። መጀመሪያ አፈሩን ብቻ ይዩ፦ ፕላስቲኩ ሲነሣ ቅርጹን ይዞ መቆም አለበት፣ ዙሪያውንም ነጫጭ ቀጫጭን ሥሮች እንደ ድር ይዘውት ሊታዩ ይገባል። እንደ ዱቄት ከተበተነ ችግኙ ገና አልበሰለም። እንደ ሸክላ ደርቆ ጣት የማይገባበት ከሆነ ደግሞ የተሞላው በቀይ አፈር ብቻ ነው፤ የተለመደው ቅይጥ 3 እጅ የአካባቢ አፈር፣ 2 እጅ የጫካ አፈር ወይም ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ነው፤ አሸዋውን የሚዘል ሰው አይጠፋም። የጅማ ቀይ አፈር ብቻውን ሲደርቅ ሥሩን ጨምቆ ይይዘዋል።

አሁን አፈሩን በጣት ቀስ እያሉ ያራግፉና ዋናውን ሥር ከአንገቱ ጀምረው ይከተሉት። ቀጥ ብሎ ከወረደ ጥሩ። ከአንገቱ ሁለት ጣት ዝቅ ብሎ እንደ መንጠቆ ወደ ላይ ከታጠፈ ግን ጥፋቱ የተፈጸመው ከመደብ ወደ ፕላስቲክ ሲዛወር ነው፤ በእንጨት የተበሳችው ቀዳዳ አጥራ ሥሩ ተጠቅልሎ ተጎስጉሷል። ይህን ማዳበሪያም እንክብካቤም አያቃናውም። ከግርጌው እንደ ገመድ የተጠመጠመ ሥር ካዩ ችግኙ ከጊዜው በላይ ቆይቷል ማለት ነው። ግርጌው ላይ እንደ እርሳስ የወፈረ፣ ትኩስ የተበጠሰ ሥር ካዩ ደግሞ ሥሩ ከፕላስቲኩ አልፎ መሬት ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ለሽያጭ ሲነሣ ተቆረጠ። ዛሬ ለምለም ነው፣ ከነገ ወዲያ ይጠወልጋል። ጥሩ ጣቢያ ሥሩ ከግርጌ ብቅ ሲል በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ችግኙን አንሥቶ ወይም ቀጭን ሽቦ ከሥር ስቦ ይገርዘዋል። ሻጩን «ሥሩን ስንቴ ገረዝከው?» ብለው ይጠይቁት፤ ጥያቄው ግር ካለው መልሱን አግኝተዋል።

ግንዱንም በጣት ይዳስሱ። ከሥር በኩል እንጨት እንጨት ማለትና መቅላት ወይም መቡነን መጀመር አለበት። ይህ የሚመጣው ከመሸጡ አራት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ውሃው እየተቀነሰ፣ ጥላው እየተነሣ ሲለማመድ ነው። እንደ ጎመን አገዳ የሚለሰልስ ከሆነ እስከ ትናንት ውሃ ሲጠጣ የከረመ ነው፤ የመጀመሪያው ፀሐይ ይጨርሰዋል።

ጊዜውን በወር ማስላትም ይቻላል። ባህር ዛፍ ከዘር እስከ ተከላ ከ4 እስከ 5 ወር ይበቃዋል፤ ለሰኔ መጨረሻ ተከላ ጥርና የካቲት ላይ የተዘራ ነው የሚፈለገው። ግራቪሊያ ከዚያ ይረዝማል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ያልተዘራ ለሰኔ ጮርቃ ነው። አምና ሳይሸጥ ቀርቶ ለዘንድሮ የከረመ ባህር ዛፍ በነጻ ቢሰጥም የጉድጓድ ቆፋሪውን ዋጋ አይመልስም።

«ባህር ዛፍ» ብሎ በደፈናው የሚሸጥም ሞልቷል። ጅማ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ነው ያለው፤ የዴዶ ደጋ ደግሞ ከ2,000 ይበልጣል። ነጭ ባህር ዛፍ ደጋ ይወዳል፤ ለዴዶ ይሆናል፣ ለከተማው ዙሪያ ሜዳ ግን ግራንዲስ የሚባለው ወይም ቀይ ባህር ዛፍ ይሻላል። በችግኝነታቸው መለየት ከባድ አይደለም። የነጩ ቅጠል ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ሆኖ ያለ እግር ግንዱ ላይ ይለጠፋል፣ አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ለጋው ግንድም በጣት ሲዳሰስ አራት ማዕዘን ነው። የቀዩ ቅጠል ጠባብ ነው። ግራንዲስ አረንጓዴ፣ ስስና ባለ አጭር እግር ቅጠል አለው። ሻጩ ሁሉንም አንድ ላይ ደባልቆ ካስቀመጠ ረድፉ ወጥ አይሆንም፤ ፈጣኑ ዘገምተኛውን ይውጠዋል፣ ሲሸጥም ውፍረቱ የተዘበራረቀ ይሆናል።

በተለይ ቀይ ባህር ዛፍ ሲገዙ የቅጠሉን እግርና መሀለኛውን ጅማት ገልብጠው ይዩ። ትናንሽ፣ አረንጓዴ ወይም ሮዝ እብጠቶች ተደርድረው ከታዩ አይግዙ። እብጠቱን የምታመጣው ሌፕቶሳይቤ ኢንቫሳ የምትባል፣ መነሻዋ አውስትራሊያ የሆነች፣ ከአንድ ሚሊ ሜትር ብዙም የማትበልጥ ተርብ ናት፤ እንቁላሏን ቅጠሉ ሥጋ ውስጥ ስለምትጥል ካበጠ በኋላ ከላይ የሚረጭ መድኃኒት አይደርስባትም። ችግኙ ቅጠሉ እየተጣመመ ይቀጭጫል። ሁለት ሦስት ችግኝ ላይ ካዩት መደቡን በሙሉ ይተዉት።

የፈረንጅ ጥድ የሚወስድ ሰው አንድ ነገር ይወቅ፦ አንዴ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም፤ እንደገና መትከል ነው። ግራቪሊያም ቢሆን ከመሬት ተቆርጦ ከጉቶ የማቆጥቆጥ ነገሩ ደካማ ነው፤ ጥሩነቱ ጣውላው፣ ማገዶውና ለቡና ማሳ ዳር የሚስማማ ዘውዱ ነው። ደጋግሞ አጠና መቁረጥ የሚፈልግ ባህር ዛፍ ይትከል፤ ከምንጭ፣ ከረግረግና ከቡናው ግን ያርቀው። የጅማው ባለ ሦስት እግር በርጩማ የሚፈለፈልበትን ዋንዛ በባህር ዛፍ ረድፍ መሀል መሰንቀር ደግሞ ችግኝ ማባከን ነው፤ ቦታው ቡናው ውስጥ ነው።

ቁጥሩን ሲያዙ 15 በመቶ ይጨምሩ፤ ለ625 ቦታ 720 ያህል። ትርፉ ለመተኪያ ነው፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሞተው ካልተተካ በኋላ የሚተከለው ከጎረቤቱ ጥላ አይወጣም። ስለ ጭነት ማንም አይናገርም እንጂ ጥፋት የሚበዛው እሱ ላይ ነው። ውሃ የጠጣ አንድ ችግኝ ግማሽ ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ 720 ማለት ከ3 ኩንታል በላይ ነው። በአንድ ባጃጅ አነባብሮ ማምጣት የታችኛውን አፈር ከነሥሩ ይሰባብረዋል። በሳጥን አንድ ረድፍ ብቻ ቆሞ፣ በጋሪ ወይም በፒካፕ፣ ተሸፍኖ ይምጣ። ግንዱን ይዞ ማንሣት ክልክል ነው፤ ፕላስቲኩ ነው የሚያዘው።

በአጠቃላይ ራሱ ያሳደገ ሻጭ ከ5 ውስጥ 4 እንሰጠዋለን፤ አንዱን የቀነስነው ስለ ዘሩ ምንጭ ሲጠየቅ አብዛኛው ስለሚያድበሰብስ ነው። ከተጣመመ ዛፍ የተለቀመ ዘር ቀጥ ያለ አጠና አይወልድም። የመንገድ ዳር ቸርቻሪ 2።

ተከላውን ለቀን ሠራተኛ የሚሰጥ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ቆሞ ይከታተል። ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ የላዩ ጥቁር አፈር ለብቻ ተቀምጦ መጀመሪያ እሱ ይመለስ። ፕላስቲኩም ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ግርጌውን ብቻ ቀዶ መትከል ጊዜ ይቆጥባል፣ ግን ሥሩ ወደ ጎን መውጫ ያጣል። ማታ ላይ የተሰበሰበውን ባዶ ፕላስቲክ ይቁጠሩት፤ 625 ተተክሎ 400 ፕላስቲክ ብቻ ከተገኘ የቀረው የት እንዳለ ግልጽ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አረም ነው፤ ባህር ዛፍ በልጅነቱ ሣር አይችልም፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየዓመቱ ሁለት ሦስት ጊዜ ግንዱ ዙሪያ አንድ ሜትር ያህል ይኮትኮትለት።

መግረዣው

እዚህ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ገጀራ ለመግረዝ አይሆንም። ይሰነጥቃል፣ ቅርፊት ይልጣል፣ ወይም ጉማጅ ትቶ ይሄዳል፤ ጉማጁ ይበሰብስና መበስበሱ ወደ ግንዱ ይገባል። መርካቶ ዕቃ ቤቶች የሚሸጡት ጎበጥ ያለ፣ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ወደ ራስ ሲሳብ የሚቆርጥ የእጅ መጋዝ ለግራቪሊያ የሚበልጠው የለም። ሲገዙ ጥርሱን በጥፍር ይሞክሩት፣ ብረቱንም አጠፍ አድርገው ይልቀቁት፤ ወደ ቀጥታው ካልተመለሰ ለስላሳ ብረት ነው፣ በሁለተኛው ቀን ይጣመማል። እጀታው ላይ በምስማር ሳይሆን በብሎን የታሰረው ይሻላል፤ ሲላላ ይጠበቃል። ለመጋዙ 5፣ ለገጀራው 1።

ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያበጠ ቀለበት አለ። ቁርጡ ከቀለበቱ ወደ ውጭ፣ እሱን ሳይነካ፣ ግን ጉማጅም ሳይተው ነው። ወፍራም ከሆነ መጀመሪያ ከግንዱ አንድ ስንዝር ርቆ ከሥር ሲሶውን ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይጣላል፣ በመጨረሻ የቀረው ጉማጅ ቀለበቱ ጋ ይስተካከላል። ያለዚህ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይወርዳል። ቅርንጫፉ 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ሳይወፍር በበጋ መግረዝ ነው፤ ከዛፉ ቁመት ግማሹ ሁልጊዜ ቅጠል ለብሶ ይቅር። ባህር ዛፍ ለመግረዝ ገንዘብ የሚጠይቅ ሠራተኛ ከመጣ አመስግነው ይሸኙት፤ ተጠጋግቶ የተተከለ ባህር ዛፍ የታችኛውን ቅርንጫፍ ራሱ ያራግፋል።

ቼንሶ፦ መግዛት ወይስ መከራየት?

ለሩብ ሄክታር መግዛት አያዋጣም። ዛፉ ከ5 እስከ 7 ዓመት ቆይቶ ነው የሚቆረጠው፤ በመካከሉ ማሽኑ ቤት ተቀምጦ ቤንዚኑ ካርቡሬተሩ ውስጥ ይጋገራል። ከሁለት ሦስት ሄክታር በላይ ያለው ወይም ለጎረቤት የሚሠራበት ሰው ይግዛ። ገበያ ላይ የሚበዛው 58 ሲሲ የሆነው የቻይና ማሽን ነው። ጉልበቱ ለዚህ ሥራ ይተርፋል፤ ከ20 ሳንቲ ሜትር ለማይወፍር አጠና 50 ሳንቲ ሜትር የሚረዝመው ባር ያለ ነገር ክብደት ነው፣ 40 ወይም 45 ይበቃ ነበር። ከመግዛትዎ በፊት መለዋወጫው፣ በተለይ ሰንሰለቱ፣ ካንዴላውና የአየር ፊልትሮው፣ እዚያው ጅማ ይገኝ እንደሆነ ይጠይቁ። ሲያስነሡት የሰንሰለት ማቆሚያውን ፍሬን ይሞክሩ፦ ማሽኑ እየሠራ ወደ ፊት ሲገፋ ሰንሰለቱ ቀጥ ማለት አለበት። ፍሬኑ የማይሠራ ቼንሶ በርካሽ የሚሸጥበት ምክንያት አለው።

ማሽን የሚገድለው የዘይት ቅልቅል ነው። ከነዚህ ማሽኖች ብዙዎቹ 25 ለ1 ይላሉ፤ በአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ማለት ነው። 50 ለ1 የተጻፈባቸው 20 ሚሊ ሊትር ይበቃቸዋል። መመሪያውን አንብቦ በመርፌ ወይም በተለካ ብልቃጥ መስፈር እንጂ «በክዳን ሁለት» የሚባለው ልማድ ፒስተን ያቃጥላል። ለሰንሰለቱ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት መጨመርም የተለመደ ነው፤ ውስጡ ያለው የብረት ብናኝ የዘይት ፓምፑን ይበላል፣ ባሩንም ያሞቃል።

ሰንሰለቱ ስለት እንዳለው ለማወቅ ማሽኑን ሳይሆን የሚረጨውን ይዩ። ቅንጣቢ ከወጣ ተስሏል። እንደ በርበሬ የደቀቀ ዱቄት ከወጣ ደንዟል፤ ሠራተኛው መግፋት ይጀምራል፣ ማሽኑ ይግላል፣ ቁርጡም ይጣመማል። ለዚህ መጠን ሰንሰለት ክቡ ሞረድ 4.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሱቁ «ሁሉንም ይስላል» ብሎ 5.5 ቢሰጥዎ አይቀበሉ፣ የጥርሱን መንጠቆ ያበላሻል። ባለ 30 ዲግሪ ማዕዘን ይዞ ከውስጥ ወደ ውጭ ብቻ፣ ለእያንዳንዱ ጥርስ እኩል ሦስት ወይም አራት ጊዜ መግፋት ነው፤ መልሶ መሳብ ሞረዱን ይጨርሳል። የግራው ጥርስ አምስት የቀኙ ሦስት ከተሞረደ ቼንሶው ወደ ጎን ይሄዳል። ከጥርሱ ፊት ያለችው ጉብታ ከጥርሱ ጫፍ በ0.65 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለባት፤ ስለት እያለው የማይነክስ ሰንሰለት ብዙ ጊዜ ችግሩ እሷ ናት፣ ከልክ በላይ የወረደች ከሆነ ደግሞ ማሽኑ እጅ ላይ ይዘላል።

ቆራጮቹ

ሦስት ዓይነት ውል አለ፦ በቀን፣ በቁጥርና በቁሙ። በቁሙ ሲባል ነጋዴው ደኑን እንዳለ ይገዛና በራሱ ሰው ያስቆርጣል። ባለቤቱ ሳይለፋ ገንዘቡን በአንድ ቀን ይቆጥራል፤ ጉዳቱ ጉቶው ላይ ነው የሚመጣው። ነጋዴው የሚፈልገው አጠናውን ነው፣ ተመልሶ የሚበቅለው የእሱ አይደለም። ስለዚህ ለአገልግሎቱ 2 ብቻ። በቁጥር የሚሠራ ቡድን፣ የጉቶው ቁመት በውሉ ከተጻፈ፣ 4 ያገኛል። የቀን ሠራተኛ ቆሞ የሚያሠራው ከሌለ አይመከርም።

በቁሙ ለመሸጥ የሚገደድ ሰው ቢያንስ ያለውን ለክቶ ይቅረብ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል። በየአምስተኛው ረድፍ፣ 125 ዛፍ ያህል፣ ከመሬት 1.30 ሜትር ላይ ዙሪያውን ይለኩና ለ3.14 ያካፍሉ፤ ዙሪያው 47 ሳንቲ ሜትር የሆነ ዛፍ ውፍረቱ 15 ነው። ነጋዴው «አብዛኛው ማገር ነው» ሲል ወረቀቱን ያወጣሉ፤ ድርድሩ እዚያ ላይ ይለወጣል።

የጉቶው ቁመት ከ10 እስከ 12 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ከአንድ ጋት ትንሽ ከፍ ይላል። ቀንበጡ የሚወጣው ከቅርፊቱ ሥር ከተኙ ዓይኖች ነው። ጉቶው ረዝሞ ከቀረ ቀንበጡ ከላይኛው ጠርዝ ይወጣል፣ መያዣው ደካማ ስለሚሆን ከብዶ ንፋስ ሲመታው ተገንጥሎ ይወድቃል። ቅርፊቱ እስከ መሬት ከተላጠ ዓይኖቹ አብረው ሄደዋል። ፊቱ ዝናብ እንዲወርድበት ጥቂት ያዘነበለና ለስላሳ ይሁን፤ እንደ ገበቴ የጎደጎደ ጉቶ ውሃ ይዞ ይበሰብሳል።

ቅርፊት የሚላጠው ቆራጩ ስለሚቸኩል ነው። ከአንድ ወገን ብቻ እየቆረጠ ሲሄድ ዛፉ ሳያልቅ ይወድቅና ግንዱ ተሰንጥቆ ቅርፊቱን ይዞ ይወርዳል፤ ለቆራጩም አደገኛ ነው፣ የተሰነጠቀው ግንድ ወደ ኋላ ይመታል። ትክክለኛው አሠራር ዛፉ በሚወድቅበት በኩል ከውፍረቱ ሩብ የሚሆን አፍ ማውጣት፣ ከዚያ ከጀርባ መቁረጥ፣ በመካከል ከውፍረቱ አንድ አሥረኛ ሳይቆረጥ እንደ በር ማጠፊያ መተው ነው። ለ20 ሳንቲ ሜትር ዛፍ ማጠፊያው 2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ቡድን ሲመርጡ ማሽናቸውን አይዩ፤ አምና የቆረጡበት ቦታ ይውሰዱዎትና ጉቶውን ይዩ። 12 ሳንቲ ሜትር የሆነች እንጨት ቆርጠው ይያዙና ሃያ ጉቶ ይለኩ። ከሃያው አምስት ከረዘመ ወይም ከተላጠ ሌላ ቡድን ይፈልጉ።

ውሉ ላይ ከዋጋው ሌላ ይህ ይግባ፦ የጉቶው ቁመት፣ ለረዘመ ወይም ለተላጠ ጉቶ የሚቀነሰው ገንዘብ፣ ጭራሮው ከጉቶ ላይ የሚነሣበት ቀን፣ መኪናው የሚገባበት አንድ መስመር፣ ሥራው የሚያልቅበት ቀን። የመጨረሻው እንደ ቀልድ ይታለፋል። የተቆረጠ አጠና ጉቶ ላይ ተከምሮ ሦስት አራት ሳምንት ከቆየ ቀንበጡ ከሥሩ ተጣሞ ይወጣል፣ ክምሩ ሲጎተት ደግሞ ይሰባበራል። ጅማ ላይ ጥሩው ጊዜ የካቲት መጨረሻና መጋቢት ነው፤ እንጨቱ በደረቅ ይወጣል፣ ጉቶውም ሲነቃ የበልጉ ዝናብ ያገኘዋል። ሐምሌ ላይ ማስቆረጥ መኪናው ቀዩን ጭቃ እንዲጋልብበት መፍቀድ ነው።

አጠናው በተቆረጠ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይላጥ፤ ሲቆይ ቅርፊቱ ይጣበቃል። ከመሬት ከፍ ብሎ በተጋደመ እንጨት ላይ፣ ጥላ ውስጥ ይከመር፤ ባህር ዛፍ ፀሐይ ላይ ቶሎ ሲደርቅ ጫፉ ይሰነጠቃል።

ወረቀቱንም አስቀድሞ መጨረስ ነው። አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል ደንን ከማኅበር፣ ከማኅበረሰብና ከመንግሥት ደን እኩል የባለቤትነት ዓይነት አድርጎ ያውቀዋል፤ ይሁን እንጂ የተጫነ እንጨት ኬላ ላይ የይለፍ ወረቀት ይጠየቃል። መኪናው ከመቆሙ በፊት ወረዳው ጋ መሄድ የኪራይ ቀን ያተርፋል። ዋንዛ፣ ዝግባና የሀበሻ ጥድ ያለበት ማሳ ከሆነ በራስ መሬት ላይም ቢሆን ፈቃድ ሳይያዝ ቆራጭ አይጠራም።

አንድ አገልግሎት ግን ገበያው ላይ የለም ማለት ይቻላል፦ ቀንበጥ ማሳሳት። ከአንድ ጉቶ ከአሥር በላይ ቀንበጥ ይወጣል፤ ሁሉም ከተተወ ሁሉም ጭራሮ ሆኖ ይቀራል። ቁመቱ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ሲደርስ በየጉቶው ሦስት፣ ከዓመት ከመንፈቅ በኋላ አንድ ወይም ሁለት ይቀራል። የሚቀረው ረጅሙ ብቻ አይደለም፤ ከጉቶው ዝቅ ብሎ፣ መሬት አጠገብ፣ ንፋስ በሚመጣበት በኩል የተያያዘው ነው። ሁለት ከቀሩ በተቃራኒ ጎን ይሁኑ። ለቆራጭ ቡድን ተጨማሪ ከፍሎ ማሠራት ይቻላል፣ ግን ማጭድ ይዘው ከመጡ ይመልሷቸው፤ ማጭድ ሲስብ የሚቀረውን ቀንበጥ አብሮ ይገነጥለዋል። ያው ጎባጣው የእጅ መጋዝ ይሠራዋል፤ አንድ ሰው በሁለት ሦስት ቀን 625ቱን ጉቶ ይጨርሳል።